በየቅዳሜው የምልከው ኢሜይል እንዴት ገቢ አመጣልኝ

«ከኢሜይል ደግሞ እንዴት ብር ይገኛል?» የሚሉኝ ወዳጆች እየበዙ ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የልጆች እናት ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ውጭ ሀገር ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች አጭር ደብዳቤ በኢሜይል እልካለሁ። ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ አማርኛ እንዴት እንደሚያስተምሩ ነው የምጽፍላቸው። ደብዳቤው ነፃ ነው። ከተመዝጋቢዎቹ የኢሜይል ዝርዝር ግን ከቤት ኪራዬ ላይ ደህና ድርሻ የሚሸፍን ገቢ አገኛለሁ። የቀን ሥራዬን አልለቀቅኩም፤ በዚህ ሥራ ትለቃላችሁ ብዬም ማንንም አላታልልም። ግን እውነተኛ ገንዘብ ነው፣ ደግሞ ደስ የሚል ሥራ ነው።

ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልናገር። ገንዘቡን የሚያመጣው ለደብዳቤያችሁ መልስ የሚጽፈው ሰው ነው። ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ሰው ከፈተ የሚለው ቁጥር ብዙም አይነግራችሁም። በተለይ የመክፈቻው ቁጥር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2021 መስከረም ወዲህ አይታመንም፤ አፕል የስልኩ ኢሜይል ላይ የግላዊነት መከላከያ ስላስገባ፣ ሰውየው ደብዳቤውን ባያየውም እንደተከፈተ ሆኖ ይቆጠራል። እኔ የማየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ስንት ሰው ሊንኩን ነካ፣ ስንት ሰው መልስ ጻፈ።

ለምን ቴሌግራም አይሆንም ለሚሉኝ፦ ቴሌግራም ጥሩ ነው፣ እኔም ቻናል አለኝ። አዲስ አበባ ላለ አንባቢ እንዲያውም ከኢሜይል ይሻላል። ሀገር ቤት ብዙ ሰው ጂሜይል ያወጣው ስልኩ ስለጠየቀው ነው፤ ከፍቶ አያየውም፣ አንዳንዱ የይለፍ ቃሉንም ረስቶታል። አሜሪካ፣ ካናዳና አውሮፓ ያለው ወላጅ ግን የልጁ ትምህርት ቤት መልእክትም፣ የሐኪም ቀጠሮውም፣ የመሥሪያ ቤት ጉዳዩም በኢሜይል ነው የሚመጣለት። ስለዚህ ሳይወድ በግድ በቀን ብዙ ጊዜ ይከፍተዋል። አንባቢያችሁ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትጀምሩ።

ሌላም ምክንያት አለ። በአንድ ወቅት አንድ ማኅበራዊ ገጼ ያለ በቂ ምክንያት ተዘግቶብኝ ነበር። ለማን አቤት ይባላል? ሰው የለም፣ የሚመልሰው ማሽን ነው። ኢሜይል ላይ ግን ዝርዝሩን አውርጄ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ደብዳቤውን የምልክበት የኢሜይል መላኪያ ድርጅት ነገ ዋጋ ቢጨምርብኝ ዝርዝሬን ይዤ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። በየወሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ አውርዱት፤ የደቂቃ ሥራ ነው።

ሰዎቹ ከየት መጡ? መጀመሪያ ከማውቃቸው ነው። የቅዳሜና እሁድ የአማርኛ ክፍል ያላቸው ቤተ ክርስቲያኖች አሉ፣ እዚያ ልጃቸውን የሚያደርሱ እናቶችና አባቶች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ለእነሱ አንድ ገጽ የፊደል ገበታ ሠራሁ፤ 33ቱ ሆሄያት በሰባቱ ቤት፣ 231 ፊደል፣ ማቀዝቀዣ ላይ የሚለጠፍ። የሚፈልግ ሰው ስልኩን አውጥቶ ኪውአር ኮዱን ያነሳል፣ ኢሜይሉን ያስገባል፣ ገበታው ይላክለታል። በወረቀት ላይ አታስጽፉ። የእጅ ጽሑፍ አይነበብም፣ አንድ ነጥብ ከጎደለ አድራሻው ዋጋ የለውም። ከዚያ በየዓመቱ በሐምሌ አራት (ጁላይ 4) ሰሞን የሚደረገው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በዓል አለ። ከ1984 ጀምሮ ከተማ እየቀየረ የሚዘጋጅ ነው፤ በአንድ ቦታ ያን ያህል ልጅ ያለው አበሻ ሌላ የት ይገኛል? ከአንዲት ወዳጄ ጋር ጠረጴዛ ተካፍለን ገበታውን አድለናል። በዚያ ሳምንት የተመዘገቡት እስከ ዛሬ ከሁሉም በላይ መልስ የሚጽፉልኝ ናቸው፣ ምክንያቱም ፊቴን አይተውታል።

ዝርዝር ግን አትግዙ። «10 ሺህ የአበሻ ኢሜይል አለኝ» የሚል ሰው ይመጣባችኋል። ያልተመዘገበ ሰው ጋ ደብዳቤ መላክ ሳይጠሩ ሰርግ ገብቶ ዕቃ እንደመሸጥ ነው። ከማሳፈሩም በላይ ሥራችሁን ይገድለዋል። እንዴት እንደሚገድለው ትንሽ ላብራራ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና።

ጂሜይልና ያሁ ከ2024 የካቲት ጀምሮ በብዛት ለሚልክ ሰው ደንብ አውጥተዋል። ጂሜይል በብዛት የሚለው በቀን ወደ 5 ሺህ ለሚጠጉ የራሱ አድራሻዎች የሚልከውን ነው፤ ግን ትንሽ የምትልኩም ብትሆኑ ከአሁኑ ብትለምዱት ይጠቅማል። የራሳችሁ ዶሜይን (የራሳችሁ የድረ ገጽ ስም) ያለው አድራሻ ይኑራችሁ፤ መጨረሻው ጂሜይል በሆነ አድራሻ በጅምላ አትላኩ። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉ ሦስት ማረጋገጫዎች አሉ፣ ደብዳቤው እውነት ከእናንተ መምጣቱን የሚመሰክሩ ናቸው። የምትጠቀሙበት የመላኪያ ድርጅት የሚለጠፉትን የጽሑፍ መስመሮች ይሰጣችኋል፣ እናንተ ዶሜይኑን የገዛችሁበት ቦታ ገብታችሁ መለጠፍ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ አንድ ከሰዓት አይፈጅም። ከዚያ ደግሞ ደብዳቤያችሁን «ስፓም» (ያልተፈለገ ደብዳቤ) ብለው የሚጫኑ ሰዎች ቁጥር ከ0.3 በመቶ በታች መሆን አለበት። አስቡት፣ ከሺህ ሰው ሦስት ሰው ብቻ ማለት ነው! በተገዛ ዝርዝር ሦስት ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይሞላል። ከዚያ በኋላ በፈቃዳቸው ለተመዘገቡትም ጭምር ደብዳቤያችሁ ስፓም ውስጥ ይገባል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፣ ማንም አይነግራችሁም። ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ያለፈ ደብዳቤ ቆርጦ «ሙሉውን ለማየት እዚህ ይጫኑ» ይላል። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው፣ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ነው። ጌጥና ቀለም ያበዛችሁበት ረጅም የአማርኛ ደብዳቤ ሳይታሰብ ይቆረጣል። «ከዝርዝሩ ልውጣ» የሚለው ሊንክ ደግሞ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ነው፣ አብሮ ይደበቃል። መውጣት የፈለገ ሰው መውጫውን ሲያጣ ምን ያደርጋል? ስፓም የሚለውን ይጫናል። ስለዚህ መውጫውን እላይም አስቀምጡት፣ ደብዳቤውንም ቀለል አድርጉት። «ፊደሉ እንዳይበላሽ» ብለው ጽሑፉን በሙሉ ፎቶ አድርገው የሚልኩ አሉ፤ ይህም አያዋጣም። ብዙ ኢሜይል ቤት ፎቶ ወዲያው አያሳይም፣ አንባቢው ባዶ ሳጥን ነው የሚያየው። የዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች የግእዝ ፊደል አላቸው፣ አትፍሩ፣ በጽሑፍ ላኩት።

ሕጉንም በአጭሩ። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 ጀምሮ ያለው የካን-ስፓም ሕግ የፖስታ አድራሻችሁ ደብዳቤው ላይ እንዲኖር ያስገድዳል። የቤት አድራሻችሁን አትጻፉ፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይበቃል፤ እኔም ፖስታ ቤት ተከራይቼ ነው። ልውጣ ያለን ሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ማውጣት ግዴታ ነው፣ ርዕሱም ሰውን የሚያሳስት መሆን የለበትም። ቅጣቱ በአንድ ኢሜይል ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። ካናዳና አውሮፓ ደግሞ ጠበቅ ይላሉ፣ ሰውየው ራሱ ፈቅዶ መግባቱን ማሳየት መቻል አለባችሁ። ስለዚህ ሰው ሲመዘገብ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብሎ የሚጫነው የማረጋገጫ ኢሜይል ይላክለት። ጥቂት ሰው ይቀንሳል፣ የቀረው ግን የምር የሚፈልግ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

አዲስ ሰው ሲመዘገብ ከፊደል ገበታው ጋር አንድ ጥያቄ ብቻ ይደርሰዋል፦ «ልጅዎ በአማርኛ ምን ማድረግ ቢችል ደስ ይልዎታል?» በቃ። ከሥሩ «መልስ ይጻፉልኝ፣ የማነበው እኔው ራሴ ነኝ» ይላል። እውነትም የማነበው እኔ ነኝ፣ ሁሉንም እመልሳለሁ።

እኔ ሰው የሚፈልገው ማንበብና መጻፍ ይመስለኝ ነበር፣ የሚመጣው መልስ ግን ሌላ ነው። አንዲት እናት «ልጄ እማማን በስልክ ስታናግር መሃል ሆኜ ማስተርጎም ሰለቸኝ፤ ሁለቱ ብቻቸውን እንዲያወሩ ነው የምፈልገው» ብላ ጻፈችልኝ። አንድ አባት ደግሞ ልጁ አያቱን «አንተ» እያለ ሲያናግር እንዴት እንደሚሸማቀቅ ነገረኝ፤ ልጁ ባለጌ ሆኖ ሳይሆን «እርስዎ» የሚባል ነገር ስላልሰማ ነው፣ ቤት ውስጥ ማን ያስተምረው? እንዲህ ያለ መልስ ሲደጋገም በአንድ ፋይል ውስጥ እንዳለ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ቃሉን አላስተካክልም፣ እነሱ እንደጻፉት ነው የምተወው።

ከዚያ ፋይል ነው ዋናው ዕቃዬ የተወለደው፦ «ከአያት ጋር ስልክ» የምለው። አጫጭር ንግግሮች ናቸው፣ ከድምፅ ጋር። «እንደምን አደሩ እማማ?» ይላል ልጁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት አደርክ የኔ ጌታ?» ትላለች አያት። ልጁ ቀጥሎ ምን ይበል? «ደህና ነኝ፣ ትምህርት ቤት ዛሬ ዝግ ነው፣ እርስዎ ምን እየሠሩ ነው?» እንዲህ እያለ ይሄዳል። ለሙስሊም ቤተሰብ ሰላምታው የተለየ ነውና እሱም ለብቻው ተቀድቷል፤ ይህንንም ያስታወሰኝ መልስ የጻፈ አባት ነው። ድምፁን ያነበቡልኝ የጎረቤቴ እናት ናቸው፣ ከፍዬ ነው ያስነበብኳቸው።

ሳልሠራው በፊት ነው የሸጥኩት። ይህን ልብ በሉልኝ። ለዝርዝሩ በሙሉ ደብዳቤ ላክሁ፣ ከሞላ ጎደል እንዲህ የሚል፦

«ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁ ከአያቶቻቸው ጋር በስልክ እንዲያወሩ እንደምትፈልጉ ጽፋችሁልኛል። ለዚህ የሚሆን የንግግር መለማመጃ ከድምፅ ጋር ላዘጋጅ አስቤያለሁ። ዋጋው 19 ዶላር ነው። አሁን ለሚያዝዝ 14። በቂ ሰው ካላዘዘ አልሠራውም፣ ገንዘባችሁን በሙሉ እመልሳለሁ።»

ሌላ ምንም አልጨመርኩም። የሚጮህ ቀይ ቀለም የለም፣ «ሦስት ሰዓት ብቻ ቀረው» የሚል ሰዓት የለም። ሰው ያዘዘው የራሱን ቃል እዚያ ውስጥ ስላነበበው ነው። ያ ገንዘብ ለድምፅ ቀረጻውና ለሥዕሎቹ በቃ፣ ከኪሴ አላወጣሁም።

ሌላው የምሸጠው የመጻፊያ ደብተር ነው፣ በፒዲኤፍ፣ 12 ዶላር። በፍላጻ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚጻፍ ያሳያል። ዋጋ ስታወጡ የክፍያ ድርጅቱን ድርሻ አስቡ። ስትራይፕ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ክፍያ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይወስዳል። ከ12 ዶላር ላይ 65 ሳንቲም ገደማ ነው፣ አይጎዳም። 3 ዶላር የሚሸጥ ነገር ላይ ግን ወደ 39 ሳንቲም ነው፣ 13 በመቶ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው በጣም ርካሽ ነገር ለየብቻው የማልሸጠው፤ ትናንሾቹን አንድ ላይ አስሬ እሸጣለሁ።

ከሁሉም የበለጠ ገቢ ያለው ግን በክረምት በዙም የምሰጠው ክፍል ነው። በአንድ ክፍል ከስድስት ልጅ በላይ አልቀበልም፣ ለስምንት ሳምንት 160 ዶላር ነው። እዚህ ላይ ዝርዝሩ ትንሽ ቢሆንም ምንም አይደለም። 300 እውነተኛ አንባቢ ካላችሁ ስድስት ልጅ መሙላት ይቻላል፤ በ12 ዶላር ደብተር ያንኑ ያህል ገንዘብ ለማግኘት ግን 80 ሰው መግዛት አለበት። ጀማሪ ሰው ከትልቁ ዋጋ፣ ከትንሹ ክፍል ቢጀምር እላለሁ። ልጆቹን ስታስተምሩ ደግሞ ቀጥሎ ምን መሥራት እንዳለባችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የወር ክፍያ ያለው ደብዳቤስ? ደብዳቤ በክፍያ ማሰራጫ በሆነው ሰብስታክ ላይ ለምሳሌ ማድረግ ይቻላል። ሰብስታክ 10 በመቶ ይወስዳል፣ የስትራይፑ ሲጨመር ከ5 ዶላር ላይ ወደ 1 ዶላር ይሄዳል። እኔ አልመረጥኩትም። ወላጅ ሥራ ይበዛበታል፣ ሁለት ሳምንት ሳያነብ ሲቀር ይጸጸትና ያቆመዋል። አንዴ ከፍሎ የራሱ የሆነ ነገር ሲይዝ ግን ጊዜ ባገኘ ቁጥር ይመለስበታል። ፖለቲካ ወይም የንግድ ዜና የምትጽፉ ከሆነ ነገሩ ለእናንተ የተለየ ሊሆን ይችላል።

ማስታወቂያም እቀበላለሁ፣ ግን አልፎ አልፎ። የጉዞ ወኪል፣ የልጆች የሐበሻ ልብስ የምትሰፋ ሴት፣ እንዲህ ያለውን። ለወላጅ የማይጠቅመውን፣ ብር ቢከፍልም፣ አልልክም። ማስታወቂያ በላክሁ ቁጥርም «ይህ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው» ብዬ ከላይ እጽፋለሁ፤ አሜሪካ ውስጥ ግዴታም ነው። አንድ ጊዜ አንድ ገንዘብ አበዳሪ ጥሩ ክፍያ ይዞ መጥቶ ነበር። ወለዱን አየሁት፣ እምቢ አልኩ። እነዚህ ሰዎች ስለ ልጆቻቸው በምስጢር የሚጽፉልኝ ናቸው፣ እንዴት አድርጌ ነው ዕዳ ውስጥ የማስገባቸው?

ጊዜውን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። የፈረንጅ ነጋዴ በኅዳር መጨረሻ የቅናሽ ኢሜይል ያዘንባል፣ እኔ በዚያ ሳምንት አልሸጥም፣ ማን ያየኛል? የኔ አንባቢ የሚገዛበት ጊዜ የታወቀ ነው። አንደኛው ነሐሴ መጨረሻና መስከረም፣ ትምህርት ቤት ሲከፈትና እንቁጣጣሽ ሲመጣ፤ አዲስ ዓመት ሲሆን ሁሉም ወላጅ «ዘንድሮስ አስተምራለሁ» ይላል። ሁለተኛውና ትልቁ ሀገር ቤት ከመሄዳቸው በፊት ነው። ለገና፣ ለጥምቀት ወይም በትምህርት ቤት ዕረፍት የሚሄዱ ቤተሰቦች ትኬት ከቆረጡ በኋላ ይደነግጣሉ፣ «ልጆቹ ከዘመድ ጋር እንዴት ያወራሉ?» ይላሉ። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻና በሚያዝያ ስለ ጉዞ እጽፋለሁ። ከዚያ በተረፈ ወሩን ሙሉ ምንም አልሸጥም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠቅም ነገር ብቻ ነው የምልከው። አንድ ተረት፣ አንድ እንቆቅልሽ፣ መኪና ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ።

ሀገር ቤት ሆናችሁ መጀመር ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልጨምር። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ አካውንት አይከፍትም፣ ሰብስታክም የሚከፍለው በስትራይፕ ነው። ገዢያችሁ ሀገር ውስጥ ከሆነ ግን በቴሌብር ወይም በቻፓ መቀበል ይቻላል። እንደዚያ ከሆነ ደብዳቤውን በኢሜይልም በቴሌግራምም ላኩ፣ ጥያቄውን ግን አትተዉ፣ መልስ የሚጽፈውን ሰው ለብቻው መዝግቡት።

ግብርንም አትርሱ። አሜሪካ ውስጥ ለራሳችሁ ስትሠሩ የተጣራ ትርፋችሁ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ማሳወቅ አለባችሁ፣ ከመደበኛው ግብር በላይ 15.3 በመቶ የሚሆን የራስ ሥራ ግብርም አለ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍያ ሩቡን ወዲያው ሌላ ሂሳብ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ አልነካውም። አውሮፓ ላለ ሰው ፒዲኤፍ ስትሸጡ ደግሞ የገዢው ሀገር የሽያጭ ግብር ይመጣል፤ ያንን ራሳቸው ቆርጠው ራሳቸው የሚከፍሉ የመሸጫ ድርጅቶች አሉ፣ ትንሽ ቢያስከፍሉም ከራስ ምታት ይሻላል።

የመጨረሻው፣ ዝርዝሩን አጽዱ። ብዙ ሰው ይህን ይፈራል። ለስድስት ወር ያህል ምንም ሊንክ ያልነካ፣ ምንም ያልጻፈልኝ ሰው ካለ አንዲት አጭር ኢሜይል እልክለታለሁ፦ «ደብዳቤዬ አሁንም ይጠቅምዎታል? መቀጠል ከፈለጉ ይህን ይጫኑ። ካልፈለጉ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም፣ እኔው አወጣዎታለሁ፤ ስለነበሩ አመሰግናለሁ።» ከዚህች ኢሜይል ብዙ ጊዜ ያልጠበቅሁት መልስ ይመጣል። «ልጄ አድጓል፣ አሁን ራሱ ያነባል፣ ለእህቴ ላስተላልፈው» የሚሉ አሉ። አንድ ወር እጠብቃለሁ፣ ዝም ያለውን አወጣለሁ። ለመላኪያው ድርጅት የምከፍለው በተመዝጋቢ ቁጥር ስለሆነ የወሩ ሂሳብ ይቀንሳል፣ ለቀሩትም ደብዳቤው ስፓም ሳይገባ ይደርሳቸዋል።